ጊዜ ሲያጥር፣ ጉልበት ሲያንስ አዲስ ክህሎት መማር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህን ጥያቄዎች ደጋግመው የሚያነሱት ሥራ ውለው፣ ቤት አስተዳድረው፣ በተረፈቻቸው ሰዓት ቋንቋ፣ ኮምፒውተር፣ የሙዚቃ መሣሪያ፣ ስፌት ወይም ሌላ ሙያ መያዝ የሚፈልጉ ሰዎች ናቸው። የሚማሩት ነገር ቢለያይም የሚሰናከሉበት ቦታ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ ያለቻቸው ጥቂት ሰዓት በማንበብና በማየት ታልቅና መሥራቱ ለነገ ይቀራል።

በቀን 20 ደቂቃ ብቻ ነው ያለኝ። በዚህች ምን መማር ይቻላል?

በሳምንት 5 ቀን ብቻ እንኳ ቢይዟት በዓመት ከ86 ሰዓት በላይ ትሆናለች። ይህ ኪቦርድ ሳያዩ በአሥር ጣት መጻፍን ለመልመድ፣ በጊታር ቀላል ዘፈኖችን ለማጀብ ወይም የአንድ አነስተኛ ሥራ ገቢና ወጪ በኤክሴል ለመያዝ ይበቃል። ቋንቋ አቀላጥፎ ለመናገር ግን አይበቃም። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር እንግሊዝኛ ተናጋሪ ዲፕሎማቶቹን ስፓኒሽ ለማስተማር 600 ሰዓትና ከዚያ በላይ የክፍል ትምህርት ይመድባል፤ ስፓኒሽ ደግሞ ለእነርሱ ከቀላሎቹ ቋንቋዎች የሚመደብ ነው። ስለዚህ በቀን 20 ደቂቃ ቋንቋ የሚማር ሰው ከቋንቋው አንድ ቁራጭ ይምረጥ፤ ለምሳሌ በስልክ ቀጠሮ መያዝ፣ ወይም የሥራ ኢሜይል አንብቦ መመለስ።

በትንሽ በትንሹ መማር የራሱ ጥቅምም አለው። እ.ኤ.አ. በ1978 ባድሊና ሎንግማን የተባሉ ተመራማሪዎች የእንግሊዝ ፖስታ ሠራተኞች በኪቦርድ መጻፍ ሲሠለጥኑ ያዩትን አሳተሙ። በቀን 1 ሰዓት የሠለጠኑት በ55 ሰዓት ልምምድ የደረሱበት ደረጃ ላይ ለመድረስ፣ በቀን 4 ሰዓት የሠለጠኑት 80 ሰዓት አስፈልጓቸዋል። ሆኖም በሥልጠናቸው ይበልጥ ቅር የተሰኙት በቀን 1 ሰዓት የሠለጠኑት ነበሩ፤ ቀኑ ሲቆጠር የዘገዩ ይመስላቸው ነበርና። እርስዎም "አዝግሜያለሁ" ብለው ከመደምደምዎ በፊት ያለፉትን ቀናት ትተው የተለማመዱባቸውን ሰዓታት ይቁጠሩ።

ማታ የምገባው ደክሞኝ ነው። ያኔ ማጥናት ትርፍ አለው?

የሚሠሩትን ከመረጡ አለው። አንድን ክህሎት ለመማር የሚሠሩ ሥራዎች ሁሉ እኩል ጉልበት አይጠይቁም። አዲስ ሐሳብ መረዳት፣ አይተውት የማያውቁትን ችግር መፍታት፣ በማያውቁት ቋንቋ መናገር ከባድ ናቸው፤ ትኩስ ጭንቅላት ይፈልጋሉ። ያወቁትን በትንሹ እየለወጡ መደጋገም መካከለኛ ነው። ከዚህ በፊት ያነበቡትን ምልልስ በድምፅ መስማት፣ የጥያቄ ካርድ መጻፍ፣ ጨርቅ ቆርጦ ለነገ ማዘጋጀት፣ ፋይሎችን መልክ ማስያዝ ደግሞ ቀላል ነው።

እንግዲህ ከባዱን ሥራ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ ጉልበት ባለዎት ሰዓት ይያዙት። ለብዙ ሰው ይህ ጠዋት ከሥራ በፊት ነው፤ ለአንዳንዱ የምሳ ዕረፍት ነው። ቀላሉን ለማታ ይተዉት። ዝርዝሩን ግን ቀድመው፣ ሳይደክምዎት ይጻፉት። ደክሞት የገባ ሰው "ዛሬ ምን ልሥራ?" ብሎ መምረጥ ራሱ ይከብደዋል፤ ሳይመርጥ ስልኩን ያነሳል። ሦስት የድካም ቀን ሥራዎችን በወረቀት ጽፈው የሚያጠኑበት ቦታ ላይ ቢለጥፉ ከላይ ያለውን አንዱን ማንሳት ብቻ ይቀርዎታል።

ጊዜው ማታ ብቻ ከሆነ፣ አልጋ ወይም ሶፋ ላይ ጋደም ከማለትዎ በፊት ይጀምሩ። አንዴ ጋደም ካሉ መነሣቱ ከጥናቱ የበለጠ ጉልበት ይወስዳል።

የእጅ ሙያ ከሆነ አንድ ጥንቃቄ አለ። ሲደክሙ እጅ ይሳሳታል፣ እየተሳሳቱ የደጋገሙትም እንቅስቃሴ ይለመዳል። ሁለት ሦስት ጊዜ በተከታታይ ከተሳሳቱ በፍጥነት መደጋገሙን ያቁሙና እንቅስቃሴውን እጅግ በዝግታ ጥቂት ጊዜ ሠርተው ይዝጉ። መጋዝ፣ መሰርሰሪያ፣ የስፌት ሞተር ከሆነ ግን ያን ምሽት ጨርሶ አይንኩት።

ታዲያ እንቅልፌን ቀንሼ ባጠናስ?

አያዋጣም። የተለማመዱት ነገር የሚረጋው በአብዛኛው በእንቅልፍ ነው። ማቲው ዎከርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ሙከራ፣ ጣቶችን በተወሰነ ቅደም ተከተል መምታት የተለማመዱ ሰዎች ሌሊቱን ተኝተው ሲነሡ፣ ተጨማሪ ልምምድ ሳያደርጉ፣ ፍጥነታቸው ወደ 20 በመቶ ገደማ ጨምሮ ተገኝቷል። በዚያው ርዝመት ነቅተው የዋሉት ላይ ይህን ያህል ለውጥ አልታየም። አንድ ሰዓት እንቅልፍ ሰርቆ የሚያጠና ሰው ያጠናውንም የነገውንም ጉልበት ያጣል። ማታ ለመንቃት ብለው የሚጠጡት ቡናም ቢሆን፣ ካፌኑ ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላ ግማሹ ገና ደም ውስጥ እንዳለ አይዘንጉ።

ብዙ ነገር መማር እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

በአንድ ጊዜ አንድ አዲስ ክህሎት ብቻ ይያዙ። ሁለተኛ ካለ፣ ቀድሞ የሚያውቁትና እንዳይጠፋ ብቻ በሳምንት አንዴ የሚነኩት ይሁን።

ከዚያ ያንን አንዱን ያጥብቡት። "ኤክሴል ልማር" ዒላማ አይሆንም፤ መጨረሻው አይታይምና። "የወሩን ወጪ መዝግቤ በየዓይነቱ የሚደምር ሠንጠረዥ ያለማንም እርዳታ ልሥራ" ግን ይሆናል። እንዲህ ሲባል የሚያስፈልገው ነገር በጣት የሚቆጠር ይሆናል፦ አንድ ወጪ በአንድ ረድፍ መመዝገብ፣ ቀኑን በቀን መልክ ማስገባት፣ መደመር፣ በዓይነት ለይቶ የሚደምረውን ሰምኢፍ (SUMIF) የተባለ ቀመር መጻፍ። የሚሰናከሉበትም አስቀድሞ ይታወቃል። ቀመሩን ጽፈው ወደ ታች ሲጎትቱት የመጀመሪያው መልስ ትክክል ይሆንና ሌሎቹ ይጎድላሉ። ምክንያቱ ቀመሩ የሚያነበው ክልል አብሮ ወደ ታች መንሸራተቱ ነው። ቀመሩ ውስጥ ክልሉን መርጠው ኤፍ 4 ሲጫኑ የዶላር ምልክት ($) ይገባበታል፤ ያኔ ክልሉ ባለበት ይቆያል። ይህቺን አንዲት ነገር በራሱ ሠንጠረዥ ላይ ተሳስቶ ያረመ ሰው፣ የ6 ሰዓት ኮርስ አይቶ ካልነካው ሰው ይበልጣል።

ዒላማ ሲመርጡ የሚረዳ ፈተና አለ። ከ6 ሳምንት በኋላ ለሌላ ሰው ሊያሳዩት ወይም ሊጠቀሙበት የሚችሉት ነገር ይኖራል? ከሌለ ገና ሰፊ ነው።

20 ደቂቃዋን እንዴት ልከፋፍላት?

የመጀመሪያዎቹን 3 ደቂቃዎች ባለፈው ለሠሩት ይስጡ፤ ደብተርም ቪዲዮም ሳይከፍቱ ከራስዎ ይጻፉት ወይም ይሥሩት። ቀጣዩን 12 ደቂቃ አንድ የከበደዎት ነጥብ ላይ ብቻ ያውሉት። በ4 ደቂቃ ያንን ነጥብ ከሌላው ጋር አያይዘው ሙሉውን ይሥሩ፤ ቃሉን በዓረፍተ ነገር፣ የጊታሩን ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆችን) በዘፈኑ ውስጥ፣ ቀመሩን በሠንጠረዡ ውስጥ። በመጨረሻዋ 1 ደቂቃ ነገ የሚጀምሩበትን በአንድ መስመር ይጻፉ። "ምዕራፍ 3 መቀጠል" አይበሉ፤ "ከኮርድ ሲ ወደ ጂ ስሻገር የቀለበት ጣቴ ይዘገያል፣ ከዚያ" ብለው ይጻፉ።

20 ደቂቃ ብዙውን ጊዜ የምትባክነው በዝግጅት ነው። ፋይሉን መፈለግ፣ የይለፍ ቃል ማስታወስ፣ መሣሪያውን ከሳጥን ማውጣት፣ የቆሙበትን ደቂቃ ከቪዲዮ ውስጥ ማሰስ ተደምረው በቀላሉ 8 ደቂቃ ይበላሉ። ስለዚህ ዝግጅቱን ከልምምዱ ለይተው ቀደም ብለው ይጨርሱ፤ ጊታሩ ውጭ ይቀመጥ፣ ፋይሉ ክፍት ሆኖ ይቆይ፣ ስልኩ ሌላ ክፍል ይሁን።

ቪዲዮ ሳይ ሁሉም ይገባኛል፤ ራሴ ስሞክር ግን ይጠፋብኛል። ለምን?

ሌላ ሰው ሲሠራ አይቶ መረዳትና ራስ ከትውስታ አውጥቶ መሥራት የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው። ቪዲዮው ቀጣዩን እርምጃ እየነገረዎት እስካለ ድረስ የማስታወሱን ሥራ እርሱ ይሠራልዎታል። ሮዲገርና ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ጥናት ይህን ያሳያል። አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ የተሻሉ ነበሩ፤ ከሳምንት በኋላ ግን የበለጠ ያስታወሱት ጽሑፉን ዘግተው ያስታወሱትን ለመጻፍ የሞከሩት ናቸው።

ቪዲዮውን ከ2 እስከ 3 ደቂቃ አይተው ያቁሙት፤ መስኮቱን ይዝጉትና ያዩትን ይሥሩ። ሲጠፋብዎት ወዲያው አይመለሱ፤ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ይታገሉት፣ ከእነ ስሕተቱ ይሞክሩ። ከዚያ የጠፋብዎትን እርምጃ ብቻ አይተው እንደገና ከመጀመሪያው ይሥሩ። በዚህ መንገድ የ10 ደቂቃ ቪዲዮ ሁለት ሦስት ቀን ሊፈጅ ይችላል፤ እንዲፈጅ ይፍቀዱለት። በፍጥነት አጫውቶ ብዙ ቪዲዮ መጨረስ የሚማርክ ነው፣ ግን ጊዜ ላጠረው ሰው ከሁሉም ይበልጥ ጊዜ የሚያባክነው አካሄድ እርሱ ነው።

ዛሬ የያዝኩት ከሳምንት በኋላ የለም። እንዴት ላቆየው?

መርሳት የአእምሮ ድክመት ምልክት አይደለም። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት በራሱ ላይ እየሞከረ እ.ኤ.አ. በ1885 እንዳሳየው፣ አዲስ ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በፍጥነት ይረሳል፤ ከዚያ የመርሳቱ ፍጥነት እየቀነሰ ይሄዳል። መድኃኒቱ ሊጠፋ ሲል ማስታወስ ነው። በተከታታይ 5 ጊዜ ከመድገም 5 ጊዜውን በተለያዩ ቀናት መበተን ይሻላል።

ለቃላት፣ ለቀመር፣ ለአቋራጭ ትእዛዝ፣ ለስም የሚሆን ቀላል ዘዴ በላይትነር ስም የሚታወቀው የካርድ ሳጥን ነው፦

1. ጠንካራ ወረቀት ቆርጠው በፊቱ ጥያቄ፣ በጀርባው መልስ ይጻፉ። በአንድ ካርድ አንድ ጥያቄ ብቻ።
2. አንድ ሳጥን በ5 ክፍል ይከፋፍሉ። አዲስ ካርድ ሁሉ ወደ 1ኛው ይገባል።
3. 1ኛውን ክፍል በየቀኑ፣ 2ኛውን በየ2 ቀኑ፣ 3ኛውን በየ4 ቀኑ፣ 4ኛውን በየሳምንቱ፣ 5ኛውን በየ2 ሳምንቱ ይመልከቱ።
4. የመለሱት ካርድ ወደ ቀጣዩ ክፍል ያልፋል፤ የሳቱት ወደ 1ኛው ይመለሳል።

አንኪ የሚባለው ፕሮግራም ይህን የመሰለ ቀጠሮ በስልክ ወይም በኮምፒውተር ያሰላልዎታል። ሰው አንኪን የሚተወው በአብዛኛው በአንድ ምክንያት ነው። ፕሮግራሙ ካልነኩት በቀን 20 አዲስ ካርድ ያቀርባል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ቀላል ይመስላል፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግን በቀን ከ100 በላይ ክለሳ ይከመራል። 20 ደቂቃ ያለው ሰው አዲሱን ካርድ በቀን ወደ 5 ዝቅ ያድርገው። ሌላው የተለመደ ስሕተት ረጅም መልስ ነው። መልሱ አንድ አንቀጽ የሆነ ካርድ ግማሹ ሁልጊዜ ይረሳል፤ ሦስት አራት ካርድ አድርገው ይበትኑት።

ካርድ ግን እጅን አያሠለጥንም። ስፌት በካርድ አይለመድም፤ ክሩ የሚገባበትን ቅደም ተከተል ማስታወስ ይቻል ይሆናል፣ ጨርቁን ቀጥ አድርጎ መምራት ግን በጨርቅ ብቻ ነው።

እየተለማመድኩ ነው፣ ግን ለወራት ባለሁበት ቆሜያለሁ።

ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የሚያውቁትን እየደጋገሙ መሆኑ ነው። በአሥር ጣት መጻፍን እንውሰድ። ሰው ፍጥነቱ ሲቆም ሙሉ ጽሑፍ ደጋግሞ ይጽፋል፤ ከ26ቱ የእንግሊዝኛ ፊደላት ሃያው ችግር የለባቸውም፣ ስለዚህ አብዛኛው ልምምድ በሚችለው ላይ ያልቃል። በምትኩ ለአንድ ቀን የሳቱትን ፊደል ሁሉ ምልክት ያድርጉበት። አብዛኛው ስሕተት ጥቂት ፊደላት ላይ ተሰብስቦ ያገኙታል፤ በተለይ በትንሿ ጣት የሚመቱት ፒ፣ ኪው እና ዜድ ይቸግራሉ። ቀጥሎ ጠቋሚ ጣቶችዎ ኤፍ እና ጄ ላይ ያለችውን ጉብታ ነክተው መመለሳቸውን ያረጋግጡ፤ መነሻው ከሳተ ቀጥሎ ያለው ሁሉ ይስታል። ከዚያ እነዚያን ፊደላት የያዙ ቃላት ብቻ መርጠው፣ ስሕተት እስኪጠፋ ፍጥነትዎን ቀንሰው፣ 5 ደቂቃ ይጻፉ። በሙዚቃም እንዲሁ ነው፤ ሜትሮኖሙን (ምት የሚቆጥረውን መሣሪያ) ሳይሳሳቱ በሚጫወቱበት ፍጥነት ላይ አድርገው በደቂቃ በ4 ወይም በ5 ምት ብቻ ከፍ ያድርጉ። ስሕተት ሲመጣ አንድ እርከን ይውረዱ።

ሁለተኛው ምክንያት አንድ ዓይነት ነገር ብቻ በተከታታይ መለማመድ ነው። ሺይና ሞርጋን እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ሙከራ፣ ሦስት የእጅ እንቅስቃሴዎችን አንዱን ጨርሰው ወደ ሌላው እየሄዱ የተለማመዱት በልምምዱ ወቅት ፈጣን ነበሩ፤ በኋላ ሲፈተኑ ግን እያቀላቀሉ የተለማመዱት በለጧቸው። ነገሩ ለእርስዎ ፍጹም አዲስ እስከሆነ ድረስ አንዱን ለብቻው ይያዙት። መሠረቱ እንደገባዎ ግን ያቀላቅሉት። ልምምዱ ሲቀላቀል የተበላሸ ይመስላል፤ ለሁለት ሳምንት ይታገሡት።

ለአንድ ወር አቋረጥኩ። ከመጀመሪያው ልጀምር?

አይጀምሩ። የጠፋ የሚመስለው ነገር ሁለተኛ ሲማሩት ከመጀመሪያው ባነሰ ጊዜ ይመለሳል፤ ኤቢንግሃውስም መርሳትን የለካው በዚሁ በሚተርፈው ጊዜ ነበር። በተመለሱበት ቀን ምንም ሳይከልሱ የመጨረሻውን ሥራዎን ይሞክሩ፤ የተሰበረውን ቦታ ያ ያሳይዎታል። እርሱን ብቻ ይጠግኑ። የካርድ ክለሳ ተከማችቶ ከሆነ በቀን 30 እየወሰኑ ያቃልሉ፤ እስኪያልቅ አዲስ ካርድ አይጨምሩ።

አንድ ቀን ማለፉ ግን ሊያስጨንቅ አይገባም። ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 እንዳሳዩት፣ አንድ ነገር ያለ ግፊት የሚደረግ ልማድ ለመሆን በመካከለኛ ግምት 66 ቀን ፈጅቷል፤ ከሰው ሰው ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያይ ነበር። አንድ ቀን መዝለሉም ሂደቱን የሚያበላሽ አልሆነም። "በ21 ቀን ልማድ ይሆናል" የሚለውን ሰምተው በ22ኛው ቀን የከበዳቸው ሰዎች ምንም አላጠፉም።

ያለኝ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው።

ሁለቱንም ቀን ይጠቀሙ፣ በየቀኑም ልምምዱን ለጠዋትና ለከሰዓት ይክፈሉት። ረቡዕ ላይ 5 ደቂቃ ብቻ ያስገቡ፤ በመንገድ ላይም ቢሆን ቅዳሜ የሠሩትን በቃል ያስታውሱ። ይህቺ 5 ደቂቃ ከሌለች ቅዳሜ ጠዋት ባለፈው የሠሩትን በማደስ ያልቃል።

ልጆች አሉኝ፤ ሳልቋረጥ 10 ደቂቃ አላገኝም።

ሁለት ነገር ይለዩ። ሲቋረጥ የማይጎዳውን፣ ማለትም ካርድ፣ ማዳመጥ፣ አንድ መስመር መጻፍ፣ አንድ ኮርድ መቀያየርን፣ ለተቆራረጠው ሰዓት ያድርጉት። ሲቋረጥ ከዜሮ የሚጀምረውን፣ ለምሳሌ ፕሮግራም መጻፍን ወይም አዲስ ምዕራፍ መረዳትን፣ በተቆራረጠው ሰዓት አይሞክሩት፤ ብስጭት ብቻ ያተርፋሉ። ለእርሱ በሳምንት አንዴ 45 ደቂቃ ከቤተሰብ ጋር በቀንና በሰዓት ይነጋገሩ፤ በምላሹ እርስዎም የሌላውን ሰዓት ይሸፍኑ። "ጊዜ ሲገኝ" ተብሎ የተተወ ሰዓት አይገኝም።

አንድን ነገር ለመቻል 10,000 ሰዓት ያስፈልጋል የሚባለውስ?

ለእርስዎ አይሠራም። ቁጥሩ የመጣው አንደርስ ኤሪክሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 ስለ ቫዮሊን ተማሪዎች ካሳተሙት ጥናት ነው፤ ከሁሉም የላቁት ተማሪዎች እስከ 20 ዓመታቸው በአማካይ የተለማመዱት ያን ያህል ነበር። ከዚያ በታች የተለማመደ አይችልም የሚል ነገር የለበትም።

አስተማሪ ያስፈልገኛል? ወይስ ከኤአይ (ከሰው ሠራሽ አስተውሎት) ጋር ብማር ይበቃል?

ስሕተትዎን ራስዎ ማየት በሚችሉበት ሙያ ያለ አስተማሪ ረጅም መሄድ ይቻላል፤ ቀመር ከተሳሳተ መልሱ ይናገራል። የእጅ አያያዝ፣ የአፍ አነጋገር፣ የሰውነት አቋም ግን ከውስጥ ሆኖ አይታይም። ለእነዚህ በወር አንድ ሰዓት እንኳ ከሚያውቅ ሰው ጋር ይሁኑ፤ ሲለማመዱ የተቀረጹትን አጭር ቪዲዮና የተጻፉ ሦስት ጥያቄዎች ይዘው ይሂዱ። ሰዓቱ በሰላምታና "እስኪ ያለህበትን አሳየኝ" በሚል እንዳያልቅ ነው።

የኤአይ ፕሮግራሞች ለጥያቄ አውጪነት ጥሩ ናቸው። "ጥያቄ እያወጣህ ፈትነኝ፤ መልሱን ሳልሞክር አትንገረኝ" ብለው ያዟቸው። ሥራውን ራሱን ካሠሯቸው ግን ሥራው ይጠናቀቃል፣ እርስዎ አይማሩም። በሙሉ መተማመን የተሳሳተ መልስም ይሰጣሉና ጀማሪ ሆነው ማመሳከሪያ ሳይኖርዎት የነገሩዎትን ሁሉ አይቀበሉ።

መቼ ነው መተው ያለብኝ?

ሲጀምሩ የ6 ሳምንት ቀጠሮ ይያዙ፤ እስከዚያ የመተው ጥያቄ አያንሡ። ቀኑ ሲደርስ የተለማመዱባቸውን ቀናት ይቁጠሩ። በሳምንት ከሁለት ቀን በታች ከሆኑ ክህሎቱ ገና አልተሞከረም፤ የሚቀየረው ሰዓቱ ነው። በደንብ ተለማምደው ለውጥ ከሌለ ዘዴውን ይቀይሩ ወይም የሚያውቅ ሰው ያሳዩ፣ ሌላ 6 ሳምንትም ይስጡት። ተለማምደው፣ ለውጥም አይተው፣ ግን የሚጠቀሙበት ቦታ ከሌለ ይተዉት። ሰዓቱን ለሚፈልጉት ነገር ያውሉት፤ የደረሱበትንም በአንድ ገጽ ጽፈው ያስቀምጡ፣ ምናልባት ሲመለሱበት ከየት እንደሚጀምሩ ያውቃሉ።